የሎሚ ዘመዶች በዘጠና ስድስት ጉድጓድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ይህ ማስታወሻ ሥራው እየተካሄደ ሳለ የሚጻፍ ነው። ስለዚህ ላይ የተባለው ታች ሊታረም ይችላል፤ አንባቢ ይህን ይዞ ያንብብልኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው አጭር ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ትርንጎ፣ ፖሜሎና ግሬፕፍሩት የሚገኙበት ወገን ብዙ ዘመዶች አሉት፤ ሁሉም በሰፊው የጤና አዳም ቤተሰብ ውስጥ ይጠቃለላሉ። እነዚህ ዘመዶች ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ሲደርስባቸው እኩል አይነቁም። አንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላው ምንም እንዳልመጣበት ዝም ይላል። ማን ለየትኛው እንደሚነቃ በአንድ መለኪያ፣ ጎን ለጎን አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ። መለኪያው ቅጠሉ ሲነቃ የሚፈጠር ብርሃን ነው፤ የሚለካውም 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ፕሌት በሚባለው ላይ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት አንድ በሽታ ይበቃል፤ ሁዋንግሎንግቢንግ ይባላል። መንስኤው ሊቤሪባክተር የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ሲሊድ የምትባል ጥቃቅን መጣጭ ነፍሳት ከዛፍ ወደ ዛፍ ታዛምተዋለች። ባክቴሪያው የሚኖረው ቅጠል ያዘጋጀው ስኳር ወደ ሌላው የዛፉ ክፍል በሚጓዝበት ቱቦ፣ በፍሎም ውስጥ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ በሽታው የተገኘው በ2005 ነው። በ2003–2004 የምርት ዘመን ከ240 ሚሊዮን ሣጥን በላይ ብርቱካን ይሰበስብ የነበረው ግዛት በ2022–2023 ከ20 ሚሊዮን ሣጥን በታች ወረደ። አውሎ ነፋሱም የድርሻውን አድርጓል፤ ዋናው ተጠያቂ ግን ይኸው በሽታ ነው። የታመመን ዛፍ የሚፈውስ መድኃኒት የለም።

በአንጻሩ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ለስድስት ዓመት የቆየና በ2016 የታተመ የመስክ ጥናት፣ የአውስትራሊያ የበረሃ ሎሚና የጣት ሎሚን የመሳሰሉ ዘመዶች ከተለመዱት ዝርያዎች በእጅጉ በተሻለ ሁኔታ በሽታውን መቋቋማቸውን አሳይቷል። ከዘመድ የሚገኝ ነገር አለ ማለት ነው። የት እንደተቀመጠ መፈለግ ይቀራል።

ሰኞ። ዝርዝሩ

የዛሬው ሥራ እርሳስና ወረቀት ብቻ ነበር፤ የትኞቹ ዛፎች ይገቡ፣ የትኞቹ ይቅሩ። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ የሙከራው ግማሽ እዚህ ላይ ይወሰናል።

ፈተናው የምንበላቸው ፍሬዎች አብዛኞቹ ድቅል መሆናቸው ነው። ብርቱካን የፖሜሎና የመንደሪን ልጅ ነው። ግሬፕፍሩት የፖሜሎና የብርቱካን ነው። ቢጫው ሎሚ ደግሞ ከኮምጣጣ ብርቱካንና ከትርንጎ የተገኘ ነው። ከዚህም በላይ ገበያ ላይ በተለያየ ስም የሚታወቁት ጣፋጭ ብርቱካኖች ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ ድቅል በቅርንጫፍ ላይ በተከሰቱ ትንንሽ ለውጦች የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ አሥር ዓይነት ብርቱካን አሰልፎ «አሥር ዝርያ ለካሁ» ማለት አንዱን ዝርያ ደጋግሞ መለካት ነው። ቦታውን ለስፋት ሰጠሁት፤ ብርቱካን አንድ ወኪል ይበቃዋል።

በቅርብ ዘመድነት ከሲትረስ ጋር የሚዳቀሉት ኩምኳት፣ ባለ ሦስት ቅጠሉ ፖንሲሩስ፣ የጣት ሎሚና የበረሃ ሎሚ ገብተዋል። ኩምኳትንና ፖንሲሩስን አንዳንድ የዕፅዋት ሊቃውንት ከሲትረስ ጋር ይደምሯቸዋል፤ ሌሎች ይለዩአቸዋል። ጠቡ የእኔ አይደለም፤ እኔ የምፈልገው የዛፉን የመዝገብ ቁጥር ነው። ከሩቆቹ ሙራያ፣ የካሪ ቅጠል፣ ልምጭ፣ ስዊንግሊያ፣ ሴቬሪኒያ፣ እንዲሁም የአፍሪካዎቹ ሲትሮፕሲስና ባልሳሞሲትረስ አሉ። እነዚህ ከብርቱካን ጋር በአበባ ዱቄት አይዳቀሉም፤ ሆኖም ከመካከላቸው ጠቃሚ ዘረመል ቢገኝ በሌላ መንገድ ሊተላለፍ ይችላል።

ሙራያ በተለይ ትገርመኛለች። ሲሊዷ ከምንም በላይ የምትወደው ተክል ናት፤ እንቁላሏን በደስታ ትጥልባታለች። ባክቴሪያው ግን ሙራያ ውስጥ እንደ ብርቱካን ተደላድሎ አይበዛም። ነፍሳቷ ትቀመጣለች፣ በሽታው አይቀመጥም። እንዲህ ያለው ተክል ከዝርዝሩ ቢቀር ያሳፍር ነበር።

ረቡዕ። ቀንበጥ

የሎሚ ወገን ቅጠል የሚያወጣው በማዕበል ነው፤ አንድ ጊዜ ቀንበጥ በቀንበጥ ይሆንና ከዚያ ጸጥ ይላል። ለጋው ቅጠል ለስላሳና ውኃ የበዛበት ነው፤ የጠናው ሰም የለበሰና ጠንካራ ነው። አንዱን ዛፍ በለጋነቱ፣ ሌላውን በጠናነቱ ለክቶ «ልዩነት አገኘሁ» ማለት የዕድሜ ልዩነትን የዘር ልዩነት ነው ብሎ ማቅረብ ነው።

ግሪንሃውሱን የሚጠብቁት ሰው መፍትሔውን ያለ ብዙ ንግግር ነገሩኝ፦ «ሁሉንም በአንድ ቀን ይግረዟቸው፣ ውኃቸውን አያጓድሉባቸው፣ ቀንበጡ አብሮ ይመጣል።» አብሮ መጣ፤ ፖንሲሩስ ብቻ እንደ ልማዱ ዘገየ። ለመለኪያ የምወስደው ሙሉ ስፋቱን የያዘ ግን ገና ያልጠነከረ፣ ቀለሙ ከቢጫማ ወደ አረንጓዴ የተሻገረ ቅጠል ነው። ይህን በቃል ማስተላለፍ ስለሚያስቸግር ለእያንዳንዱ ዝርያ ፎቶግራፍ አንስቼ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሚቆርጠው ሌላ ሰው ሲሆንም ዓይኑ እንዲለምድ።

ዓርብ። ማንቂያዎቹ

ዕፅዋት በደም ውስጥ የሚዘዋወር ተከላካይ ህዋስ የላቸውም። እያንዳንዱ ህዋስ ራሱን ይጠብቃል፤ በላዩ ላይ በተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች አማካይነት። ተቀባዮቹ የሚፈልጉት ረቂቁ ተሕዋስ በቀላሉ ሊጥለው የማይችለውን አካል ነው። ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራት ከፍላጀሊን ይሠራል፣ ፈንገስ ግድግዳውን በካይቲን ያጠናክራል። እነዚህን መተው ራስን መጉዳት ነው፤ ስለዚህ ለተክሉ አስተማማኝ ምልክት ይሆናሉ።

ሕያው ባክቴሪያ መርጨት አያስፈልገኝም። ምልክቱን ብቻ ለይቼ እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው ኤፍኤልጂ22 ነው፤ ከፍላጀሊን የተወሰደ፣ በ22 አሚኖ አሲድ የተሠራ ቁራጭ። ተክሎች ይህን ቁራጭ እንደሚያውቁ በ1999 ታተመ፤ የሚያውቀው ተቀባይ፣ ኤፍኤልኤስ2፣ በቤተ ሙከራ በሰፊው በሚጠናው ትንሽ የጎመን ዘመድ፣ በአራቢዶፕሲስ ውስጥ በ2000 ተገኘ። ሁለተኛው ሲኤስፒ22 ነው፤ ባክቴሪያ ብርድ ሲመታው ከሚያበዛው ፕሮቲን የተወሰደ። ይህን የድንችና የቲማቲም ቤተሰብ እንደሚያውቀው በ2003 ተገለጸ፤ ኮር የተባለው ተቀባዩ ግን እስከ 2016 ድረስ አልተለየም። ሦስተኛው ካይቲን ነው። ከሸርጣን ቅርፊት የተፈጨውን ዱቄት ሳይሆን ስምንት የስኳር ቀለበት የተያያዘበትን የተጣራ ሰንሰለት መርጫለሁ፤ ዱቄቱ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ ማንም አይምልም።

አራተኛውን የጨመርኩት መልስ እንዳይሰጥ ነው። ኢኤልኤፍ18 ይባላል፤ ከሌላ የባክቴሪያ ፕሮቲን የተወሰደ የ18 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ነው። በ2006 የተለየው ተቀባዩ ኢኤፍአር የጎመን ቤተሰብ ሀብት ነው። የሎሚ ዘመዶች በዚህ መንቃት የለባቸውም። በኢኤልኤፍ18 የሚያበራ የብርቱካን ቅጠል ካገኘሁ፣ ግኝት ነው ብዬ ከመደሰቴ በፊት መፍትሔዬ ተበክሎ እንደሆነ እመረምራለሁ።

ማክሰኞ። ብርሃኑ ከየት ይመጣል

ተቀባዩ ምልክቱን ሲይዝ በህዋሱ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ኢንዛይም ይነሣል፤ በአራቢዶፕሲስ አርቢኦኤችዲ ይባላል። ኦክስጅንን ወደ ሱፐርኦክሳይድ ይለውጣል፣ ያም ወዲያው ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ይሆናል። እኔ የምለካው ይህንን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሉሚኖል የተባለ ብርሃን ሰጪ ውህድና ሆርስራዲሽ ከተባለ ሥር የሚወጣ ፔሮክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ፔሮክሳይድ ሲደርሳቸው ሰማያዊ ብርሃን ይፈጠራል። ለዓይን አይታይም፤ መሣሪያው ግን ይቆጥረዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከቅጠሉ አራት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይበሳል፤ ዋናውን የቅጠል ጅማት እያራቁ። ክቡ በነጩ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ውስጥ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ያድራል። ማደሩ ለቅንጦት አይደለም፤ መቁረጡ ራሱ ቁስል ነው፣ ቁስልም ያስነሣል። ያ እስኪበርድ መታገሥ ያስፈልጋል። ጠዋት ውኃው ይወጣል፣ ሉሚኖሉና ኢንዛይሙ ከምልክቱ ጋር ይገባሉ፤ ኤፍኤልጂ22 እና ሲኤስፒ22 በ100 ናኖሞላር። ከዚያ መሣሪያው በየሁለት ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ያህል ያነባል።

ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ነጭ ፕላስቲክና አረንጓዴ ቅጠል ብርሃን ከጠጡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ራሳቸው ያበራሉ። ፕሌቱን ከመብራት ሥር አንሥቶ ወዲያው መለካት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሐሰተኛ ጫፍ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ጨለማ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሌላው፣ የመጨረሻው ዓምድ ከመጀመሪያው ዘግይቶ ስለሚሞላ ጫፉ የሚታይበት ደቂቃ ይሸሻል። ስለ ፍጥነት ለመናገር የሚፈልግ ሰው ይህን ማስላት አለበት።

ሐሙስ። ምስክሮች

ከሎሚ ዘመዶች በፊት ጠባያቸው የታወቀ ተክሎች መግባት አለባቸው። አራቢዶፕሲስ ለኤፍኤልጂ22፣ ለኢኤልኤፍ18ና ለካይቲን ይነቃል፤ ለሲኤስፒ22 አይነቃም። የትምባሆ ዘመድ የሆነው ቤንታሚያና ለኤፍኤልጂ22ና ለካይቲን ይነቃል፣ ለኢኤልኤፍ18 አይነቃም። ሁለቱ ተደምረው ሁሉንም ምልክት ይፈትሹልኛል።

ቤንታሚያና ለሲኤስፒ22 የሚሰጠው መልስ በዕድሜው ይወሰናል። ለጋው ችግኝ ዝም ይላል፤ አበባ ማውጣት ሲጀምር ይነቃል። ስለዚህ የምስክርነቱን ቦታ የያዙት ያበቡት ናቸው። ችግኞቹን ግን አልጣልኳቸውም። ይህ ድንቁርናቸው በኋላ ይጠቅመኛል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ብርሃኑ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ የሚሥላቸው ኩርባዎች ተስፋ ሰጪ ሆኑ። ሁሉም የሚጠበቅባቸውን አደረጉ፤ የአራቢዶፕሲስ የኤፍኤልጂ22 ኩርባ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በፍጥነት ወረደ።

የጠርዝ ጉድጓዶች ግን ያውኩኛል። በፕሌቱ ዳር ያሉት ቶሎ ይሞቃሉ፣ ቶሎ ይደርቃሉ። አንድን ዝርያ ሁልጊዜ በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ ለዚያ ዝርያ የቦታውን ጠባይ መስጠት ይሆናል። ቦታው በዕጣ ይወጣ ብያለሁ፤ መሙላቱ አሰልቺ ይሆናል፣ ቁጥሩ ግን ይታመናል። ከአንድ ዛፍ የተበሱ ብዙ ክቦችም ብዙ ምስክሮች አይደሉም። ምስክሩ ዛፉ ነው፤ ክቦቹ ድምፁን ያጠሩታል እንጂ ቁጥሩን አያበዙትም።

ሰኞ። ካይቲን

የመጀመሪያው ሰፊ ዙር በካይቲን ሆነ፤ ውጤቱም እንደጠበቅሁት ሰፊ ነው። ከብርቱካን እስከ ልምጭ ድረስ አብዛኞቹ ያበራሉ። ጉልበታቸው ይለያያል፣ ሙሉ በሙሉ ዝም ያሉት ግን ጥቂት ናቸው። ይህ አያስገርምም፤ ካይቲንን የሚያውቁት ተቀባዮች ጥንታዊ ናቸው፣ ከሩዝ እስከ አራቢዶፕሲስ ይገኛሉ። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ካይቲን ለተቀሩት ምልክቶች መፈተሻ ሆነልኝ። ምክንያቱ በሚቀጥለው ይታያል።

ረቡዕ። ኩምኳትና ግሬፕፍሩት

ይህ ቀን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል።

በ2015 የታተመ ጥናት ናጋሚ የተባለው ኩምኳት ለኤፍኤልጂ22 ጠንካራ መልስ እንደሚሰጥ፣ ደንከን የተባለው ግሬፕፍሩት ደግሞ ደካማ እንደሆነ አሳይቷል። ልዩነቱ ካንከር ከተባለው በሽታ ጋር ይገጥማል፤ ካንከር የሚመጣው ዛንቶሞናስ በተባለ ባክቴሪያ ሲሆን ኩምኳት ይቋቋመዋል፣ ግሬፕፍሩት በቀላሉ ይጠቃል። እኔም ሁለቱን ጎን ለጎን አስገባሁ። የኩምኳቱ ኩርባ ወጣ፤ የግሬፕፍሩቱ ያለ ምልክት ውኃ ብቻ ከተሰጠው ክብ መስመር እምብዛም አልራቀም።

ደስ ይላል፤ ግን ደብዛዛ ጉድጓድ ብዙ ነገር ሊናገር ይችላል። ቅጠሉ አላወቀም ይሆናል። አውቆም ፔሮክሳይድ መሥራት አቅቶት ይሆናል። ወይም ሠርቶ፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው አስኮርቢክ አሲድና ፌኖል ብርሃኑን ከመፈጠሩ በፊት ውጦታል። የሎሚ ወገን በእነዚህ ሁለት ነገሮች የታወቀ ስለሆነ ሦስተኛው የሚናቅ አይደለም። ሦስቱን ሳይለዩ ደብዛዛውን «የማያውቅ» ብሎ መመዝገብ ስም ማጥፋት ነው።

ስለዚህ የግሬፕፍሩቱ ክብ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ በቀጥታ የታወቀ መጠን ያለው ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ጨመርኩ፤ ባዶ ጉድጓድም እንዲሁ። ቅጠሉ ብርሃን የሚውጥ ቢሆን ኖሮ ቅጠል ያለበት ጉድጓድ ደብዝዞ ይቀር ነበር። አልደበዘዘም፤ ሁለቱ ተቀራርበው አበሩ። ሦስተኛው ጥርጣሬ በዚህ ወደቀ።

ሁለተኛውን ጥርጣሬ ያፈረሰው ካይቲን ነው። ያው የግሬፕፍሩት ዛፍ፣ ያው ቅጠል፣ በካይቲን ጊዜ በደንብ አብርቷል። ፔሮክሳይድ የሚሠራው ኢንዛይም አለ፣ ይሠራልም። እንግዲህ ክፍተቱ ወደ መጀመሪያው በር ይጠጋል፤ ወደ ማወቁ። ኤፍኤልኤስ2 በሎሚ ወገን ውስጥ ከአንድ በላይ ቅጂ እንዳለው ይታወቃል፤ ቅጂዎቹም ከዝርያ ዝርያ ይለያያሉ። ደካማው የትኛው ቅጂ እንደሆነ ብርሃን ብቻ አይነግረኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ ይህ ነው፦ ለካይቲን ያልነቃ ወይም የፔሮክሳይድ ፈተና ያላለፈ ተክል በሰንጠረዡ ላይ «አያውቅም» ተብሎ አይጻፍም። «አልተፈረደም» ተብሎ ይጻፋል። ልምጭና ሴቬሪኒያ ለጊዜው እዚያ ዓምድ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የልምጭ ቅጠል ሽታው እንኳ ሉሚኖሉን የሚያስፈራራ ይመስለኛል።

ዓርብ። ሲኤስፒ22

ካይቲን ሰፊ ነበር፣ ኤፍኤልጂ22 ደግሞ ከፍ ዝቅ ያለ። ሲኤስፒ22 ግን የተበጣጠሰ ነው። አንዱ ሲነቃ የቅርብ ዘመዱ ይተኛል፤ ከሩቅ ደግሞ ያልተጠበቀው ይነቃል። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ሥዬ የነቁትን በቀለም ብቀባቸው አንድ ቅርንጫፍ ሙሉ በሙሉ አይቀባም።

እንዲህ ያለ ሥዕል ሁለት ንባብ አለው። የመጀመሪያው፣ የጋራ አያታቸው ያውቅ ነበር፣ ልጆች በየፊናቸው ጣሉት። ሁለተኛው፣ አንዳንዶቹ ለብቻቸው አዲስ አበጁት። የድንች ቤተሰብና የሎሚ ወገን በዘር ሐረግ እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ፣ ኮር ራሱ እዚህ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አያስኬድም። በ2025 የታተመ ሥራ ፖሜሎ ውስጥ ይህንን የብርድ ፕሮቲን የሚያውቅ፣ ከኮር የተለየ ተቀባይ መገኘቱን ዘግቧል። ይህ ለሁለተኛው ንባብ ይመሰክራል፤ ተክሎች አንዱን የባክቴሪያ ፕሮቲን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ማወቅን ተምረዋል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ንባብ ግን አይሽርም። ተቀባዩ በፖሜሎ ቅርንጫፍ ከበቀለ በኋላም በየቤቱ ሊጠፋ ይችላል። ድቅሎቹ ደግሞ ነገሩን ያወሳስቡታል፤ ግሬፕፍሩት ከፖሜሎ የትኛውን ቅጂ እንደወረሰ ቅጠሉን አይቶ አይታወቅም።

ማክሰኞ። ሁለተኛ መለኪያ

ብርሃን ብቻውን አንድ ምስክር ነው። ሁለተኛ ለማግኘት የተቀባዩን መልእክት ወደ ህዋሱ ውስጥ ወደሚያሳልፉት፣ ማፕ ካይኔዝ ወደሚባሉት ፕሮቲኖች ሄድኩ። ተቀባዩ ሲነቃ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ፎስፌት ይለጠፍባቸዋል፤ ያንን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል በገበያ አለ።

የሎሚ ቅጠል ፕሮቲን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ፌኖሉ ያጠቁረዋል፣ ሙጫው ያጣብቀዋል። ቅጠሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀጥቅጦ፣ ፌኖል የሚይዝ ዱቄት ጨምሮ፣ እንዳይሞቅ እየጠበቁ መሥራት ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን እንደ መስመር የሚታይበት ሥዕል ሲወጣ ከብርሃኑ ጋር በአብዛኛው ይስማማል። በሲኤስፒ22 ብርሃናቸው ደብዛዛ ከነበሩት መካከል ግን መስመሩ በግልጽ የታየበት አለ። ያ ተክል ያውቃል፤ ፔሮክሳይዱን ነው ያላበዛው። አንድ መለኪያ ብቻ ብይዝ ኖሮ ይህ ተክል ከማያውቁት ጋር ይቆጠር ነበር።

ሐሙስ። ከሰንጠረዡ የወጣው ዓምድ

ሰንጠረዡን ያዩ የሥራ ባልደረቦች በጣም ያበሩትን ዝርያዎች እየጠቆሙ «እነዚህን እናዳቅል» ይሉኛል። «መቋቋም» የሚል ዓምድ እንድጨምርም ተጠይቄ ነበር። አልጨመርኩም፤ ምክንያቱን እዚህ ላስቀምጥ።

ውሻ ጮኸ ማለት ሌባ ተያዘ ማለት አይደለም። እኔ የለካሁት ጩኸቱን ነው። በካንከር ጉዳይ ጩኸቱ የሚጠቅም ይመስላል፤ ባክቴሪያው በቅጠሉ ውስጥ በህዋሳት መካከል ስለሚሰፍር ቀድሞ ማወቅ መስፋፋቱን ይገታል። የኩምኳትና የግሬፕፍሩት ታሪክም ይህን ያግዛል።

ሁዋንግሎንግቢንግ ግን ሌላ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት በሽታው ራሱ በተክሉ መልስ የሚባባስ መሆኑን አቅርቧል፤ ባክቴሪያው ፍሎም ውስጥ ሆኖ የማያቋርጥ መልስ ይቀሰቅሳል፣ የሚበዛው ፔሮክሳይድና መሰሎቹ የፍሎሙን ህዋሳት ይገድላሉ፣ ዛፉም በዚያ ይደክማል። ተመራማሪዎቹ ፀረ ኦክሳይድ ንጥረ ነገሮችንና ጂበሬሊን የተባለውን የእድገት ሆርሞን ሲሰጡ ምልክቱ ቀለል ማለቱን ተመልክተዋል። በዚህ ዓይን ካየነው ያለ ልክ የሚጮኸው ዛፍ ራሱን የሚጎዳው ነው። ደግሞም እኔ የቆረጥኩት ክብ አብዛኛው ተራ የቅጠል ሥጋ ነው፤ ፍሎሙ ከውስጡ ጥቂት ነው። ከቅጠል ሥጋ የተለካን ነገር ስለ ፍሎም ምስክር አድርጎ ማቅረብ አልችልም።

የጣት ሎሚውም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2021 ከእርሱ የተለየ 67 አሚኖ አሲድ ያለው አነስተኛ ፕሮቲን ባክቴሪያውን በቀጥታ እንደሚገድል ተዘግቧል። ያ መግደል ከማወቅ የተለየ ነው፤ መሣሪያ ነው። የእኔ ፕሌት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ጨርሶ አያየውም። የጣት ሎሚ በሰንጠረዤ መካከለኛ ቦታ መያዙ ከመስክ ዝናው ጋር የሚጋጭ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ አይጋጭም።

ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚለው ማን ምን እንደሚያውቅ ብቻ ነው። ማን እንደሚድን የሚናገር ሰንጠረዥ በማሳ፣ በዓመታት ይሠራል።

ሰኞ። ቀጣዩ

ጥሩ የሚያውቅ ዘመድ ቢገኝም ተቀባዩን ማሸጋገር ቀላል አይደለም። ማዳቀል ይቻላል፤ ፖንሲሩስና ብርቱካን ተዳቅለው ካሪዞን የመሰሉ፣ ሌላ ዛፍ የሚጣበቅባቸው የታወቁ ግንዶች ተገኝተዋል። ግን የሎሚ ዛፍ ከዘር ተነሥቶ አበባ እስኪያይ ዓመታት ይፈጃል፤ ብዙዎቹም ዘራቸው ከእናት ህዋስ በቀጥታ ስለሚበቅል ልጁ የእናቱ ግልባጭ ይሆናል። ቅርንጫፍን በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ማጣበቅም አይረዳም፤ ተቀባዩ በተሠራበት ህዋስ ሽፋን ላይ ተተክሎ ይቀራል እንጂ ከግንዱ ወደ ቅርንጫፉ አይሄድም። የሚቀረው ዘረመሉን ለይቶ ማስገባት ነው። ይህ መንገድ ባዶ ተስፋ አይደለም፤ ኢኤፍአር በ2010 ከአራቢዶፕሲስ ወደ ቲማቲምና ወደ ቤንታሚያና ገብቶ፣ ተክሎቹ ያላወቁትን እንዲያውቁ አድርጓል።

ከዚያ በፊት የተጠረጠረው ዘረመል በእርግጥ ተቀባይ መሆኑ ይፈተን። ለኤፍኤልጂ22 የራሱን ኤፍኤልኤስ2 ያጣ ተክል ያስፈልገኛል፤ ያለዚያ የተክሉን መልስ ከገባው ዘረመል መልስ መለየት አይቻልም። የአራቢዶፕሲሱ ጉድለታም ዘር ተዘርቷል። ለሲኤስፒ22 ደግሞ እነዚያ ያልጣልኳቸው የቤንታሚያና ችግኞች አሉ፤ በተፈጥሯቸው ዝም ስለሚሉ የገባው ዘረመል ሲናገር ይሰማል።

አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረኛል። ዘረመሉን ወደ ቅጠሉ የሚያስገባልኝ አግሮባክቴሪየም ነው፤ እርሱም ባክቴሪያ ነው። ፍላጀሊኑ በኤፍኤልኤስ2 ስለማይታወቅ በኤፍኤልጂ22 ፈተና አያስቸግርም። የብርድ ፕሮቲኑ ግን ይታወቃል። ማለትም የሲኤስፒ22 ተቀባይ በቅጠሉ ላይ እንደተተከለ፣ እኔ ምልክቱን ሳልሰጠው በፊት ከአመጣው ባክቴሪያ ጋር ሊነታረክ ይችላል። ስለዚህ ባክቴሪያው በስሱ ይረጫል፣ የተቀባዩ ዘረመል ያልተጫነበት ባዶ ማጓጓዣ የያዘ አግሮባክቴሪየም ለማነጻጸር በጎኑ ይገባል፣ ከመለካቱ በፊትም ክቦቹ ውኃቸው ተለውጦላቸው ያድራሉ። ለማነጻጸሪያ የቲማቲሙን ኮር አስገባለሁ፤ እርሱ በዚህ አሠራር ካልሠራ የሎሚ ዘመዶቹን ዘረመል ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው። የኮሩ ቅጂ ተዘጋጅቷል፤ የመጀመሪያው ፕሌት እርሱን ብቻ ይይዛል።